«ዕረፍቴን ልሸጠው ብል እምቢ አሉኝ»

የአንባቢ ደብዳቤ

ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። የምኖረው ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ነው። እዚህ ከመምጣቴ በፊት ቤይሩት በሰው ቤት 6 ዓመት ሠርቻለሁ። በነዚያ ዓመታት የእኔ የምለው አንድም ቀን አልነበረኝም። አሁን የምሠራው ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው። የሆቴሎችንና የአረጋውያን መጦሪያዎችን አንሶላና ፎጣ እናጥባለን፣ እንተኩሳለን። ቋሚ ውል ከፈረምኩ 2 ዓመት ሊሞላኝ ነው።

በኦገስት የ3 ሳምንት ፈቃድ ትወጫለሽ ተብያለሁ። ቀኑን በገንዘብ ቀይሩልኝ ብል አለቃዬ አይቻልም አለችኝ። አንድ የማውቀው ሰው ደግሞ ለነዚያ 3 ሳምንታት ምግብ ቤት ውስጥ ጥቁር ሥራ፣ ማለትም ያለ ውል በድብቅ የሚሠራ ሥራ፣ አገኝልሻለሁ ብሎኛል። ለእናቴ በየወሩ እልካለሁ፤ አገር ቤት ቤት ጀምረናል።

ሌላው ምሳ ነው። እነሱ 45 ደቂቃ ሙሉ ይቀመጣሉ። እኔ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ በ10 ደቂቃ እበላና ሥራዬን እቀጥላለሁ። ባለፈው አንዲት ባልደረባዬ በዚህ ተቆጣችኝ። ምን አጠፋሁ? ሁሉም ደግሞ ለፈቃድሽ የት ነው የምትሄጂው ይሉኛል። ኒስ ከተማ ብዬ ዋሸሁ።

እውነቱን ንገሩኝ። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች ናቸው ወይስ እኔ ነኝ የታመምኩት? ስቀመጥ የሰረቅሁ ይመስለኛል።

ዕረፍት ያጣሁት፣ ከሊዮን

መልስ

ውድ እህቴ፣

«ስቀመጥ የሰረቅሁ ይመስለኛል» ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ከምሳውም ከፈቃዱም በፊት እሱን እናንሳው። ቤይሩት እያለሽ ስትቀመጪ የሚቆጣሽ ሰው ነበረ። ገና አረፍ ከማለትሽ ስምሽ ይጠራ ነበር። ያ ሰው ዛሬ ሊዮን ውስጥ የለም። ጆሮሽ ግን አሁንም ድምፁን ይጠብቃል። ይሄ በሰው ቤት የኖሩ ብዙ እህቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው። አልታመምሽም። እነሱም ሰነፎች አይደሉም።

ምክሬን ባጭሩ ላስቀድም። ፈቃድሽን ውጪ፣ ጥቁር ሥራውን ተዪው፣ ምሳሽን ተቀምጠሽ ብዪ። ምክንያቱን ግን ረዘም አድርጌ ልንገርሽ። ምክንያቱን ሳታውቂ ብትወጪ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ 3 ሳምንት ትጨነቂያለሽ እንጂ አታርፊም።

እኔም ፓሪስ የደረስኩት በኦገስት ነበር። ዳቦ ልገዛ ወጣሁ፤ ዳቦ ቤቱ ዝግ ነው። ሥጋ ቤቱም ዝግ። ጫማ ሰፊውም ዝግ። በየበሩ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ሰፈሩ በሙሉ ሐዘን የተቀመጠ መሰለኝ። ፈረንሳይኛ የሚችል ሰው ሲያነብልኝ ወረቀቱ «ለዓመት ዕረፍት ዘግተናል፣ በሴፕቴምበር እንገናኝ፣ መልካም ዕረፍት» ይላል። ያኔ በልቤ ያልኩት አንቺ ያልሽውን ነው። እነዚህ ሰዎች ሥራ አይወዱም፣ እንጀራ አልቸገራቸውም አልኩ።

ሐሳቤን ያስቀየሩኝ አንድ ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረታ ብረት ፋብሪካ የሠሩ ጡረተኛ ነበሩ። ስለ ፈቃድ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። የሚያወሩት ስለ ባሕር ዳርቻና ስለ ፀሐይ ሳይሆን ስለ አባታቸው ነበር። አባታቸው ባሕር ያዩት ትልቅ ሰው ሆነው፣ በፈረንጆቹ 1936 ነው።

1936ን እኛ የምናውቀው ጣልያን አዲስ አበባ የገባበት ዓመት መሆኑን ነው። በዚያው ዓመት በሜይና በጁን የፈረንሳይ ፋብሪካዎች ቆሙ። ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ወደ ቤታቸው አልሄዱም። እዚያው ማሽኑ አጠገብ አደሩ፣ እዚያው በሉ፣ አኮርዲዮን እየተነፋ እዚያው ጨፈሩ። ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነው ሥራ ያቆመው። አዲስ የተመረጠው የጠቅላይ ሚኒስትር ሌዮን ብሉም መንግሥት አሠሪዎችንና የሠራተኛ ማኅበራትን ፊት ለፊት አስቀምጦ አስማማ። ጁን 20 ቀን ሕግ ወጣ። ሠራተኛ ሁሉ በዓመት 2 ሳምንት ከነደመወዙ እንዲያርፍ ተባለ። ወዲያው በተከተለው ሕግ የሥራ ሳምንቱ 40 ሰዓት ሆነ።

ሰው ዕረፍት ቢያገኝም የመሄጃ ገንዘብ አልነበረውም። ሌኦ ላግራንዥ የሚባል ወጣት የመንግሥት ባለሥልጣን የስፖርትና የመዝናኛ ጉዳይ ተሰጥቶት ነበር። እሱ ለሠራተኞች 40 በመቶ ቅናሽ ያለው የባቡር ትኬት አስወጣ። በዚያው በጋ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው በዚያ ትኬት ተጓዘ። ብዙዎቹ ከተወለዱበት ሰፈር ርቀው አያውቁም። ብስክሌት ጭነው፣ ድንኳን ተሸክመው፣ የሥራ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ባሕር ዳር ደረሱ። ቦታውን ለብቻቸው የለመዱት ሀብታሞች ኮፍያ ለባሽ ወረረን ብለው ተሳደቡ። ጎረቤቴ ይህን ሲነግሩኝ እንባ ይተናነቃቸው ነበር። አባታቸው የባሕር ውኃ በጣታቸው ነክተው ቀምሰው ጨው መሆኑን አረጋግጠዋል አሉኝ።

አየሽ፣ ዕረፍቱ የተገኘው በትግል ነው። ከዚያም በየዘመኑ ጨመሩበት። 3ኛው ሳምንት በ1956 መጣ፣ 4ኛው በ1969፣ 5ኛው በ1982። የእሑድ ዕረፍትማ ከሁሉም ይቀድማል። በ1906 ማርች ላይ ሰሜን ፈረንሳይ ኩሪዬር የሚባል ቦታ የከሰል ማዕድን ማውጫ ፈንድቶ 1,099 ሰው አለቀ። ከነሱ ውስጥ ልጆችም ነበሩ። አገሩ በሥራ ማቆም ተናወጠ። በዚያው ዓመት ጁላይ 13 ቀን ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን፣ በተለይም እሑድን ማረፍ አለበት የሚል ሕግ ወጣ። በ2023 መንግሥት የጡረታ ዕድሜን ከ62 ወደ 64 አነሳለሁ ሲል ከሚሊዮን በላይ ሰው መንገድ ላይ ሲወጣ አይተሽ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ዕረፍታቸውን የሚያዩት አያቶቻቸው እንዳወረሷቸው መሬት ነው። ከመሬታቸው ላይ አንድ ክንድ ሲቆረስ የማይጮህ ማን አለ?

ሰነፎች ናቸው ወይ ላልሽው ሌላም መልስ አለ። ሥራ ላይ ሲሆኑ ተመልከቻቸው። በሰዓት በሚያመርቱት ፈረንሳይ ከሀብታሞቹ አገሮች መሃል የምትቆም ናት። የአንቺን አለቃ አላውቃትም። ግን ከጠዋት እስከ ምሳ ቀልድ የላትም ብዬ ብገምት የምሳሳት አይመስለኝም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ እንምጣ። ቀኑን ለምን አልገዛም አሉሽ?

ሕጉ ስለማይፈቅድላቸው ነው። ውልሽ ካልተቋረጠ በስተቀር የዓመት ፈቃድ በገንዘብ አይለወጥም። ይሄ መጀመሪያ ሲሰሙት ክፉ ይመስላል። የራሴን ቀን ለምን አልሸጥም ትያለሽ። ግን እስኪ አስቢው። ፈቃድ የሚሸጥ ቢሆን መጀመሪያ የምትሸጪው አንቺ ነሽ። ቀጥላ አጠገብሽ የምትሠራው ሌላዋ ስደተኛ ትሸጣለች፤ እሷም የምትልክላት እናት አላት። በሚቀጥለው ዓመት አለቃዋ ልጆች ላሏት ሴት «እነዚያ ሸጠዋል፣ አንቺ ምን ሆነሽ ነው?» ትላታለች። በ5 ዓመት ውስጥ ፈቃድ የሚወጣው አለቃ ብቻ ይሆናል። ድሃ ተጨንቆ ዕረፍቱን እንዳይሸጥ ነው ሕጉ በሩን የዘጋው። አንቺ ይህንን ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ፣ እህቴ። ቤይሩት ላይ ያጣሽው እኮ ይህን የሚከለክል ሕግ ነው።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ አትሥጊ። በፈቃድሽ ጊዜ ደመወዝሽ አይቋረጥም። የእናትሽም አይቋረጥም። ከቀጣሪሽ ጋር በሠራሽበት በእያንዳንዱ ወር 2 ቀን ተኩል ይጠራቀምልሻል። በዓመት 30 ቀን ይሆናል፤ ቅዳሜ ስለሚቆጠር ነው 5 ሳምንት የሚሆነው። ብዙ ጊዜ የቀረሽ ቀን በየወሩ በሚሰጡሽ የደመወዝ ወረቀት ላይ ይጻፋል። «ኮንዤ» የሚለውን ቃል ፈልጊ፤ ፈቃድ ማለት ነው። ዛሬ ማታ አውጥተሽ እይው። ቀኑን የሚወስነው አሠሪሽ ነው። ከወሰነ በኋላ ግን አንድ ወር ሲቀረው ያለ ከባድ ምክንያት ሊቀይርብሽ አይችልም።

ጥቁር ሥራው ላይ ግን ፊት ለፊት ልናገርሽ። አትግቢበት። በተከፈለሽ ፈቃድ ላይ ሆነሽ ሌላ ቦታ ተቀጥሮ መሥራት በራሱ የተከለከለ ነው። እሱ ይቅርና ወጥ ቤት ነው የምትገቢው። ዘይት ቢደፋብሽ፣ ቢላ ጣትሽን ቢቆርጠው በሕግ እዚያ አልነበርሽም። ሰውየውም አላውቃትም ይልሻል። ለፍተሽ ያገኘሽውን ቋሚ ውል ለ3 ሳምንት ገንዘብ አታስይዢ። ተጨማሪ ገንዘብ ከፈለግሽ ከፈቃድሽ ውጪ ባለው ጊዜ የትርፍ ሰዓት ጠይቂ። በሳምንት ከ35 ሰዓት በላይ የምትሠሪው ሰዓት በጭማሪ ይከፈላል። የድርጅትሽ ስምምነት ሌላ ካላለ ለመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ጭማሪው 25 በመቶ ነው። የቤቱን ሥራ በዚያ አስቀጥዪ።

ምሳው! ስለ ምሳ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ባልደረባሽ የተቆጣችው በሁለት ምክንያት ይመስለኛል። አንደኛው ሕግ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ አሠሪ ሠራተኛውን በመሠረቱ በሥራ ቦታው ላይ እንዲበላ መፍቀድ የለበትም። የዚህ ሕግ ሥር ከ1894 ይጀምራል። ያኔ ሠራተኛው በፋብሪካ አቧራና መርዝ መሃል እየበላ ይታመም ነበር። በኮሮና ጊዜ፣ በ2021፣ ለጊዜው ላላ አድርገውት ነበር፤ አገሩ በሙሉ ያወራው ስለዚያ ነው። አንቺ የምትሠሪው ደግሞ የሕመምተኛና የሽማግሌ አንሶላ በሚገባበት ቤት ነው። ምሳ ዕቃሽን እዚያ መክፈት ለጤናሽም አይሆንም። ሰዓቱም ሌላ ጣጣ አለው። አንቺ 35 ደቂቃሽን ለአሠሪው በነፃ ስትሰጪ፣ የሌሎቹ 45 ደቂቃ ትርፍ መምሰል ይጀምራል። እሷ የፈራችው ያንን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ፍቅር ነው ብዬ አምናለሁ። ለፈረንሳይ ሰው አብሮ አለመብላት ሰውን እንደ መናቅ ነው። እኛስ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እንል የለ? ማዕዳቸው ለነሱ ትልቅ ነገር ነው። ዩኔስኮ በ2010 የፈረንሳዮችን የማዕድ ሥርዓት በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ የመዘገበው አንድን ወጥ ወይም አንድን ዳቦ አይደለም። አብሮ መቀመጡን፣ በተራ መቅረቡን፣ ጨዋታውን ነው። እየበሉ ስለ ምግብ ያወራሉ። ያኔ ስለበሉት፣ ነገ ስለሚበሉት ያወራሉ። መጀመሪያ ለኔ አሰልቺ ነበር። በኋላ ገባኝ።

የገባኝ በቡና ነው። እናትሽ ቡና ስታፈላ ቸኩላ ታውቃለች? ሳሩ ይጎዘጎዛል፣ ቡናው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጢሱ ለእንግዳ ሁሉ ይዞራል። አቦል ይጠጣል። ቶና ይጠጣል። በረካ ሳይደርስ የተነሳ ሰው ምን ይባላል? በሁለት ሰዓት ውስጥ ጎረቤት ይታረቃል፣ ልጅ ይመከራል፣ የታመመ ይጠየቃል። ማንም ሰው እናትሽን ሰነፍ ብሏት አያውቅም። ፈረንሳዮች ከምግቡ በኋላ አይብ፣ ከአይቡ በኋላ ጣፋጭ፣ ከጣፋጩ በኋላ ቡና ሲያመጡ እኔ ረከቦት ይታየኛል። ዝግ ማለትን አንቺ ከነሱ አትማሪም። ከቤትሽ ይዘሽው ነው የወጣሽው። ቤይሩት ላይ ነጠቁሽ።

ይሁንና ሁሉን ነገር አሳምሬ ብቻ ብነግርሽ እዋሽሻለሁ። የዚህ ዕረፍት ሌላ ፊትም አለ። በኦገስት 2003 ፈረንሳይን ብርቱ ሙቀት መታት። ወደ 15 ሺህ ሰው ሞተ። አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹ ቤታቸው ብቻቸውን። ልጆቻቸው ፈቃድ ላይ ነበሩ፣ ባለሥልጣኑም ፈቃድ ላይ፣ ሆስፒታሉም በጎደለ ሠራተኛ ይሠራ ነበር። አገሩ በጣም አፈረ። በሚቀጥለው ዓመት ከዕረፍት ቀናቸው አንዱን ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች መርጃ የሚሠራበት ቀን አደረጉት። ምግብ በብስክሌት የሚያደርሱትን ወጣቶች ደግሞ ጠይቂያቸው። አብዛኞቹ በራሳቸው ስም የሚሠሩ ስለሆኑ የተከፈለ ፈቃድ የላቸውም። አንቺ የምትሠሪበት ማጠቢያስ በኦገስት ይዘጋል? አይመስለኝም። መጦሪያው በየቀኑ ንጹሕ አንሶላ ይፈልጋል። የአንቺ 3 ሳምንት ሲያልቅ ያቺ የተቆጣችሽ ሴት ትወጣለች፣ አንቺ ደግሞ የእሷን ሥራ ትሸፍኛለሽ። ተራ ነው። ተራሽን ስትወስጂ ከማንም አልሰረቅሽም።

ስለዚህ ምን ታደርጊ? የመጀመሪያው ሳምንት ይከብድሻል፤ አስቀድሜ ልንገርሽ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ትነቂያለሽ። ቤቱን ሁለት ጊዜ ትወለውያለሽ። ስልክሽን እያየሽ ከሥራ ይደውላሉ ብለሽ ትጠብቂያለሽ። ይሁን፣ ወልውዪው። አትቆጪ። የቤይሩቱ ሕይወት ዝም ሲባል ነው የሚመጣው። ሥራ ላይ ሆነሽ ሸሽተሽዋል፤ ስትቀመጪ ያገኝሻል። እንቅልፍ ከነሳሽ፣ ደረትሽን ከጨነቀሽ የምትታከሚበት ሐኪም ጋ ሂጂና «ስቀመጥ የሰረቅሁ ይመስለኛል» ያልሽኝን ልክ እንደዚያው ንገሪው። ወደሚያናግርሽ ባለሙያ ሊልክሽ ይችላል። ይህን መናገር ነውር የለውም።

እናትሽንም በቀን ደውዪላት። እስካሁን የምትደውዪላት ከፈረቃ ወጥተሽ፣ ደክመሽ፣ አውቶቡስ ውስጥ ይመስለኛል። አንድ ቀን ጠዋት ቁጭ ብለሽ፣ ሳትቸኩዪ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አውሪያት። ፈቃድ ላይ ነኝ በያት። ምናልባት ደስታዋ ከምትልኪው ገንዘብ የሚበልጥበት ቀን ይሆናል። እኔ ይህን ያደረግሁ ዕለት እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ምን ሆነሽ ነው? ታመምሽ?» ብላ ነው። አለመታመሜን ስትሰማ እልል አለች።

የቀረው የኒሱ ውሸት ነው። እሱን አውልቂው፤ አያስፈልግሽም። ከፈረንሳዮቹም እኮ በየዓመቱ ከ10 ሰው ወደ 4 የሚጠጋው የትም አይሄድም። አቅም የሌላቸው ልጆች ቢያንስ አንድ ቀን ባሕር እንዲያዩ የሕዝብ መረዳጃ ማኅበሩ «ሰኩር ፖፑሌር» ከ1979 ጀምሮ በየዓመቱ በኦገስት አውቶቡስ እየሞላ ይወስዳቸዋል። ቤት መቅረት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሊዮን ደግሞ ለቀረ ሰው ደግ ከተማ ናት። የሮን ወንዝ ዳር እስከ ማታ ይሄዱበታል። ቴት ዶር የሚባለው ትልቁ መናፈሻ ሐይቅ አለው፣ ቀጭኔ እንኳ አለው፣ መግቢያው ነፃ ነው። ሰው ሣሩ ላይ ጨርቅ ዘርግቶ ይውላል።

ሰኞ ሥራ ስትገቢ ምሳ ዕቃሽን ይዘሽ እነሱ ጠረጴዛ ሂጂ። ያቺ የተቆጣችሽ ሴት አጠገብ ተቀመጪ። የት ነው የምትሄጂው ካለችሽ «ዤ ሬስት አ ሊዮን» በያት፤ ሊዮን እቀራለሁ ማለት ነው። ከዚያ ከፈቃድሽ መሃል አንድ እሑድ ቤትሽ ቡና ጥሪያት። ጀበና ከሌለሽ ከሊዮን ሐበሾች አንዱ ያውስሻል። ስትመጣ ግን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አስታውቂያት፤ ሦስተኛው ስኒ ሳይጠጣ ከዚህ ቤት አይወጣም በያት።